በአረጋውያን ላይ የሚደርስ በደል፡- ምልክቶቹ፣ የጥቆማ አቀራረቡና መከላከያው

በአረጋውያን ላይ የሚደርስ በደል በአብዛኛው የሚፈጸመው በቤት ውስጥ ሲሆን፣ ፈጻሚዎቹም ተጎጂው የሚተማመንባቸው ሰዎች ናቸው። በዳዩ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም ተንከባካቢ ሲሆን ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሚደርስበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። አረጋውያን የቤታቸውን ገመና አደባባይ ማውጣትን እንደ ውርደት ይቆጥራሉ። የወለዱትን ልጅ ከማሳሰር በደሉን ችሎ መኖርን የሚመርጡም ጥቂት አይደሉም። ከዚህም በላይ በዳያቸው ብቸኛ ጧሪያቸው ከሆነ፣ ከከሰሱት በኋላ ማን ያጎርሰናል የሚል ስጋት ያድርባቸዋል።

በዚህም ምክንያት በደሉ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣው በአቤቱታ መልክ ሳይሆን፣ ለሌላ ጉዳይ በቀረበ ባለጉዳይ ላይ በሚታይ ምልክት ነው። ውክልና ለመስጠት፣ የቤት ኪራይ ውል ለማደስ፣ የመሬት ካሳ ለመቀበል፣ የጡረታ መታወቂያ ለማሳደስ ወይም ለሕክምና የሚመጣ አረጋዊ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። የሠራተኛው ንቃት ትልቅ ዋጋ የሚኖረውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

የበደሉ ምንነትና ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት በአረጋውያን ላይ የሚደርስን በደል የሚተረጉመው መተማመን ሊኖርበት በሚገባ ግንኙነት ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወይም በተደጋጋሚ የሚፈጸም፣ አለዚያም መደረግ ሲገባው ሳይደረግ የቀረ፣ አረጋዊውን ለጉዳት ወይም ለሥቃይ የሚዳርግ ድርጊት አድርጎ ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት በደል ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። መድኃኒት መከልከል፣ ምግብ ማሳጣት፣ መሳደብና ማስፈራራት፣ የጡረታ አበል መውሰድ፣ ወሲባዊ ጥቃትና አስታዋሽ አሳጥቶ መጣል ሁሉ በበደል ይመደባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣና በ28 አገሮች የተካሄዱ 52 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች መካከል 1 ያህሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በመኖሪያ አካባቢው በደል ደርሶበታል። በዓይነት ሲከፋፈል ሥነ ልቦናዊ በደል 11.6 በመቶ፣ የገንዘብና የንብረት በደል 6.8 በመቶ፣ እንክብካቤ መንፈግ 4.2 በመቶ፣ አካላዊ ጥቃት 2.6 በመቶ፣ ወሲባዊ ጥቃት ደግሞ 0.9 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ24 የበደል ድርጊቶች ሪፖርት የሚደረገው 1 ብቻ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ጫፍ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የበደሉን መነሻዎች በአንድ ላይ አጣምሮ የያዘ አካባቢ ነው። ክፍለ ከተማው ለረጅም ዘመን የኢንዱስትሪ መንደር ሆኖ ቆይቷል። በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ በአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች፣ በቃሊቲ ብረታ ብረትና በሌሎችም ፋብሪካዎች ጉልበታቸውን ያፈሰሱ ሠራተኞች በዕድሜ ሲገፉ ኑሯቸው በጡረታ አበል ላይ የተመሠረተ ነው። አበሉ አነስተኛ ቢሆንም በየወሩ የማይቋረጥ ገንዘብ በመሆኑ ሥራ ያጣ የቤተሰብ አባል ዓይኑን ይጥልበታል።

ሁለተኛው መነሻ ቤት ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አረጋውያን የኪራይ ውል በስማቸው የተመዘገበ ሲሆን፣ በከተማዋ ካለው የመኖሪያ ቤት እጥረት አንጻር ውሉ ራሱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነገር ሆኗል። "ስሜን አስገቡልኝ" በሚል የሚጀመር ጥያቄ ወደ ግፊት፣ ከዚያም ወደ ማስፈራራት ሊያድግ ይችላል።

ሦስተኛው መሬት ነው። በገላን፣ በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በአካባቢያቸው የነበሩ የእርሻ ማሳዎች ለመኖሪያ መንደርና ለኢንዱስትሪ ሲውሉ ካሳ የሚከፈለው በባለይዞታው ስም ነው። ባለይዞታው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ አርሶ አደር ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም በእጁ ይዞ የማያውቀው ገንዘብ በአንድ ጊዜ በስሙ ባንክ ይገባል። ማሳው ከሄደ በኋላ ካሳው ያልተጠበቀ እንደሆነ አረጋዊው መተዳደሪያውንም በቤተሰቡ ዘንድ የነበረውን ክብርም ያጣል።

የበደሉ ምልክቶች

አንድ ምልክት ብቻውን በደል ስለመፈጸሙ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ምልክቶች ሲደጋገሙ ወይም ሲደራረቡ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው።

የአካላዊ ጥቃት ምልክቶች በተለያየ የመዳን ደረጃ ላይ የሚገኙ ሰንበሮች፣ በእጅ አንጓ ላይ የሚታይ የመታሰር ምልክት፣ ከሚሰጠው ምክንያት ጋር የማይጣጣም ስብራትና ለሕክምና ዘግይቶ መቅረብ ናቸው። ይሁንና የአረጋውያን ቆዳ በቀላሉ የሚሰነብር መሆኑን፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም ይህንኑ የሚያባብሱ መሆኑን ባለሙያው ሊያጤነው ይገባል።

እንክብካቤ የተነፈጉ አረጋውያን ከፍተኛ የክብደት መቀነስ፣ ከረጅም ጊዜ መተኛት የሚመጣ የገላ መቁሰል፣ የቆሸሸ ልብስና የተቋረጠ መድኃኒት ይታይባቸዋል። የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ የክትትል ቀጠሮውን በተደጋጋሚ ካሳለፈ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሥነ ልቦናዊ በደል የደረሰበት ሰው አጃቢው ሲገባ ዝም ይላል፣ ከመመለሱ በፊት የሌላውን ፊት ያያል፣ ቀድሞ ይሳተፍባቸው ከነበሩ የዕድር፣ የማኅበርና የእምነት ስፍራዎች ይርቃል። ስለ ራሱ "ሸክም ሆንኩባቸው" የሚል ንግግር ያበዛል።

የገንዘብና የንብረት በደል ምልክቶች በመሥሪያ ቤቶች በቅርብ የሚታዩ ናቸው። የጡረታ ደብተርና የባንክ ካርድ በሌላ ሰው እጅ መገኘት፣ አበል እየተከፈለ ባለጡረታው መራቡ፣ ድንገት የተሰጠ ሙሉ ውክልና፣ አረጋዊው ይዘቱን ማስረዳት የማይችለው ስጦታ ወይም ሽያጭ፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ያልታየ ዘመድ ካሳ በሚከፈልበት ሰሞን ብቅ ማለቱ ተጠቃሽ ናቸው።

ድህነትና በደል

የመንግሥት ሠራተኛ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ነገር ድህነትን እንደ በደል አለመቁጠር ነው። ራሷ በቀን አንድ ጊዜ እየበላች የአልጋ ቁራኛ እናቷን የምታስታምም ልጅ በዳይ አይደለችም። የእርሷ ቤት የሚያስፈልገው መጥሪያ ሳይሆን ድጋፍ ነው። መለያው በቤቱ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ሌሎች የቤተሰብ አባላት እየበሉ አረጋዊው ከተራበ፣ የእርሱ አበል ለሌላ ጉዳይ እየዋለ መድኃኒት ካጣ፣ ወይም የቀረበለትን እርዳታ ቤተሰቡ ያለምክንያት ካልተቀበለ ጉዳዩ ከድህነት አልፎ በደል መሆኑን ያመለክታል።

የማስታመም ድካም የበደል መነሻ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በተለይ የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ሌትና ቀን ለብቻው የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው አስታማሚ በወቅቱ እረፍትና ምክር ካገኘ በደሉን አስቀድሞ ማስቀረት ይቻላል።

አረጋውያንን ማነጋገር

ጥርጣሬ ያደረበት ሠራተኛ አረጋዊውን ለብቻው ማነጋገር ይኖርበታል። አጃቢው በትሕትና ውጭ እንዲቆይ መደረግ ያለበት ሲሆን፣ ይህ አሠራር ለሁሉም አረጋውያን በእኩልነት ሲተገበር ማንም እንደተጠረጠረ አይሰማውም። "ልጅዎ ይመታዎታል?" ብሎ ከመጀመር ይልቅ "ኑሮ እንዴት ነው? ቤት ውስጥ ማን ይንከባከብዎታል? አበልዎን ማን ይቀበልልዎታል? የሚያስፈራዎት ነገር አለ?" እያሉ ቀስ በቀስ መሄድ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

በአቃቂ ቃሊቲና በዙሪያው የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆኑ በርካታ አረጋውያን ይኖራሉ። ለእነዚህ ባለጉዳዮች አስተርጓሚው አብሯቸው የመጣው የቤተሰብ አባል ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መሆን አለበት። የመስማት ችግር ላለባቸውም ጮክ ብሎ በአዳራሽ ውስጥ ከመጠየቅ ይልቅ ገለል ያለ ቦታ ማዘጋጀት ምሥጢራቸውን ለመጠበቅ ይረዳል።

የሕግ ማዕቀፍ

አረጋውያንን ከበደል የሚጠብቁ ድንጋጌዎች በተለያዩ ሕጎች ውስጥ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ያጸደቀው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል አባል አገሮች አረጋውያንን ከበደል እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በሥራ ላይ ውሏል።

በአዲስ አበባ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ይዘረዝራል። ግዴታው የምግብን፣ የመኖሪያን፣ የልብስንና የጤና አጠባበቅን ወጪ የሚያጠቃልል ነው። በአንቀጽ 198 መሠረት ግዴታው በወላጆችና በተወላጆች፣ እንዲሁም በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል ይኖራል። ቀለብ ጠያቂው ችግረኛና ሠርቶ መኖር የማይችል መሆን አለበት። በመሆኑም ወላጅን መጦር የምርቃትና የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ሕጋዊ ግዴታ ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው አረጋዊ ክሱን በደሀ ደንብ ለማቅረብ ማመልከት ይችላል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 555 እና 556፣ በሕግ የተጣለን ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለመወጣትን በአንቀጽ 658፣ ራሱን መጠበቅ የማይችልን ሰው ለአደጋ ማጋለጥን ወይም በአደጋ ላይ መጣልን በአንቀጽ 574 ያስቀጣል። በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ አለመርዳትም በአንቀጽ 575 ያስጠይቃል። የአረጋውያንን ንብረት በተመለከተ ስለ ስርቆት አንቀጽ 665፣ ስለ እምነት ማጉደል አንቀጽ 675፣ ስለ ማታለል አንቀጽ 692 ተፈጻሚ ይሆናሉ።

ውክልና፣ ስጦታና የባልቴቶች መብት

በንብረት ላይ የሚፈጸም በደል ብዙውን ጊዜ ሕጋዊ መልክ ባለው ሰነድ ይሸፈናል። ከሰነዶቹም ቀዳሚው ውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልና ሰጪው ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል። አረጋውያን ይህን መብታቸውን የማያውቁ በመሆናቸው ሰነድ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ በቃል ሊነግራቸው ይገባል።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በተደነገገው ሥርዓት መደረግ ይኖርበታል። ይህም ሰነዱ በሰጪውና በምስክሮች ፊት እንዲነበብ የሚያስገድድ ነው። ንባቡ ለይስሙላ ሳይሆን አረጋዊው በሚሰማው ድምፅና በሚረዳው ቋንቋ ሲደረግ ብዙ በደል በዚያው ይከሽፋል። በማስፈራራት ወይም በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውልን ለማፍረስ ምክንያት የሚሆን ሲሆን፣ የውል ማፍረስ ጥያቄ ምክንያቱ ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ባለቤታቸው የሞተባቸው እናቶች የሚደርስባቸው በደል የተለየ ትኩረት ይሻል። የሟች ልጆች "ውርስ የእኛ ነው" በማለት የእንጀራ እናታቸውን ወይም ወላጅ እናታቸውን ከቤት የሚያስወጡበት ሁኔታ ያጋጥማል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ የሚስት ድርሻ ነው። ውርስ የሚከፋፈለው የእርሷ ግማሽ ከተለየ በኋላ በቀረው የሟች ድርሻ ላይ ነው።

ጥቆማና ሪፖርት

ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ማንኛውም ሰው ተጎጂው ራሱ ባይቀርብም ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲያጋጥም ለአዲስ አበባ ፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስልክ መደወል ያስፈልጋል። የአካል ጉዳት የደረሰባቸው አረጋውያን በቅድሚያ ወደ ሕክምና ሊወሰዱ ይገባል። በክፍለ ከተማው የሚገኙት ጤና ጣቢያዎችና የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቅርብ የሚገኙ ተቋማት ሲሆኑ፣ የሐኪም ማስረጃው ለክሱ ዋነኛ መሠረት ይሆናል።

አስቸኳይ ያልሆኑ ጉዳዮች ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ። የቀለብ ክስ በክፍለ ከተማው በሚያስችለው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ሊቀርብ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሱ አረጋውያንን በድሏል የሚል አቤቱታ ሲኖር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላሉ።

በሠራተኛ የሚዘጋጅ ሪፖርት የታየውን ከተገመተው ለይቶ ማስፈር አለበት። ቀኑና ሰዓቱ፣ የታየው ጉዳት ወይም ሁኔታ፣ አረጋዊው የተናገሩት በራሳቸው ቃል፣ አብሮ የነበረው ሰው ማንነትና የተወሰደው እርምጃ በሪፖርቱ መካተት ይኖርባቸዋል። "ልጁ ክፉ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ለመርማሪ አይጠቅምም። "የጡረታ ደብተሩን ልጁ እንደያዘባቸውና ለሁለት ወር ገንዘብ እንዳልደረሳቸው ገልጸዋል" የሚለው ግን ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ሪፖርቱ ለሚመለከተው አካል ብቻ መድረስ ያለበት ሲሆን፣ የጠቋሚው ማንነት ለተጠርጣሪው ቤተሰብ ከተገለጸ ሁለተኛ ጠቋሚ አይገኝም።

አእምሯቸው ብቁ የሆኑ አረጋውያን ክስ አልፈልግም የማለት መብት አላቸው። ፈቃዳቸው ሊከበር የሚገባ ቢሆንም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት በዚያ አያበቃም። የመመለሻ በር ክፍት መሆኑን መንገር፣ የክትትል ቀን መያዝና በጎረቤት በኩል ደኅንነታቸውን ማወቅ ይቻላል። ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከሆነ ወይም በሕመም ምክንያት ለራሳቸው መወሰን ካልቻሉ ግን ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ከጥቆማ በኋላ የሚነሳው ዋነኛ ጥያቄ አረጋዊው በዚያው ምሽት የት ያድራሉ፣ ማንስ ይንከባከባቸዋል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚወሰድ እርምጃ ተጎጂውን ከበደል አውጥቶ ለረሃብ ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ፣ ፖሊስና ጤና ጣቢያው ከእርምጃው በፊት ተነጋግረው ማረፊያውን፣ ቀለቡንና መድኃኒቱን ሊያመቻቹ ይገባል። ሌላ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቅድሚያ የሚሰጠው አማራጭ ሲሆን፣ ማንም ለሌላቸው እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማት ይገኛሉ።

የሽምግልና ቦታ

ሽምግልና በቀለብ ድርሻ፣ በአስታማሚነት ተራና በቤት አጠቃቀም ላይ በልጆች መካከል የሚነሳን አለመግባባት ለመፍታት ጠቃሚ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ማን ምን ያህል እንደሚያወጣና ማን እንደሚከታተል ሲለይ ውጤት ያመጣል። በአንጻሩ ድብደባን፣ ወሲባዊ ጥቃትንና ንብረት ነጠቃን "ልጅ ነውና ይቅር በሉት" በሚል መዝጋት በደሉ እንዲቀጥል መፍቀድ ይሆናል። ዕርቁ የተፈጸመው አረጋዊው በነጻነት ተናግረው ካልሆነ ዕርቅ ሊባል አይችልም።

መከላከል

የመከላከሉ ሥራ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የጡረታ አበልና የካሳ ክፍያ በአረጋዊው በራሳቸው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ፣ በወኪል የሚከፈል ከሆነም ባለመብቱ በሕይወትና በደኅንነት መኖራቸውን በየጊዜው በአካል ማረጋገጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የካሳ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለይዞታውን ለብቻ ማነጋገርና ስለ ገንዘብ አያያዝ ማስረዳት ሁለተኛው ነው።

በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል እንዲኖረው ተደርጎ መቀረጹ፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ከጥቃትና ከበደል የመጠበቅን ጉዳይ ማካተቱ ለሥራው መሠረት ይሆናል። የራሱ ገቢ ያለው አረጋዊ በበዳዩ ላይ ያለው ጥገኝነት ይቀንሳል።

ዕድሮች በዚህ ረገድ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ዕድር የአባሉን ቤት የሚያውቅ፣ መቅረቱንም ፈጥኖ የሚያስተውል ተቋም ነው። ለቀብር የሚሰበሰበው አባል ከቀብር በፊትም አቅመ ደካማ አባላቱን በየወሩ በተራ እንዲጎበኝ ማድረግ ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በቤት ለቤት ጉብኝታቸው አረጋውያንን በስም ጠይቀው ማየት ይኖርባቸዋል።

የእንክብካቤ ማዕከላትም ከቁጥጥር ውጭ ሊሆኑ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በተለያዩ አገሮች በተካሄዱ ጥናቶች በማዕከላት ከሚሠሩ ተንከባካቢዎች ከ3ቱ 2ቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በአረጋውያን ላይ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። የሠራተኞች ሥልጠና፣ ድንገተኛ ጉብኝትና ነዋሪዎች ያለፍርሃት ቅሬታ የሚያቀርቡበት ሥርዓት ለማናቸውም ማዕከል አስፈላጊ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ 8 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15፣ በአረጋውያን ላይ የሚፈጸም በደልን የማውገዝ ዓለም አቀፍ ቀን ታስቦ ይውላል። ቀኑን በስብሰባ ከማክበር ጎን ለጎን እያንዳንዱ ወረዳ ብቻቸውን የሚኖሩና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚጎበኛቸውን ሰው በስም ቢመድብ፣ ከዝርዝሩም ላይ ለአንድ ወር ያልተጎበኘ አረጋዊ ቢገኝ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ቢለይ፣ ዝም ባለው ቤት ውስጥ የሚደርሰውን በደል በወቅቱ ለማወቅ ያስችላል።